የካቲት 12ን ከተማሪዎች ጋር ማሰብ

በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ በአዲስ አበባ ያለቁት ሰማዕታት የሚታሰቡበት የካቲት 12 እንደ ዓድዋ ድል በዓል ሥራና ትምህርት የሚዘጋበት ቀን አይደለም። ስለዚህ አረጋውያን አርበኞች ሜዳሊያቸውን ደርድረው ስድስት ኪሎ በሚገኘው የሰማዕታት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ፣ እኛ ደግሞ ከአስኮ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ በምትገኘው ቡራዩ፣ በትምህርት ቤታችን የሰልፍ ሜዳ ተማሪዎችን አሰልፈን የሕሊና ጸሎት እናደርጋለን። የታሪክ መምህር በመሆኔ የዕለቱን ዝግጅት የማሰናዳው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ዝግጅቱ እንዴት መሆን እንዳለበት ለረጅም ጊዜ ሳስብበት ስለቆየሁ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታየው ልማድ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ ቆሞ ወዲያው ወደ ቀረርቶና ፉከራ መሸጋገር ነው። ልጆቹ የእንጨት ጦርና የካርቶን ጋሻ ይዘው ሲፎክሩ ማየት ደስ ይላል፤ እኔም ብሆን እወደዋለሁ። ነገር ግን በየካቲት 12 ያለቁት ሰዎች አብዛኞቹ ጦር ሜዳ የዋሉ አልነበሩም። በቤታቸው፣ በገበያ፣ በመንገድ ላይ የተገደሉ እናቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች ነበሩ። ለእነርሱ የሚገባው ሐዘን ነው፤ ሐዘኑን ሳንጨርስ ወደ ጀግንነቱ ስንሮጥ ሟቾቹን ከልጆቹ ዓይን እንሰውራቸዋለን ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ ከሰልፉ በፊት በየክፍሉ እየገባሁ የሆነውን በእርጋታ ተረክሁላቸው። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን፣ አገራችንን በወረራ ይዞ የነበረው የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ የኢጣሊያ ልዑል ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሰው ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወርውረው አቆሰሉት፤ ወታደሮቹም በግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ መትረየስ ከፈቱበት። ከዚያም የፋሺስቱ ፓርቲ የከተማው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን የፋሺስት ታጣቂዎች በከተማው ላይ ለቀቃቸው፤ ለሦስት ቀናት ሰውን በጥይት፣ በጩቤ፣ በአካፋና በዶማ ሲገድሉ፣ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ሲሆን፣ ወደ 19,000 የሚጠጋ ነው ብለው የገመቱም የታሪክ ተመራማሪ አሉ።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ምጽዋት ብለው የጠሯቸውን ራሳቸው ገደሏቸው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ስጽፍ ያላየሁትን ድንጋጤ በፊታቸው ላይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ልጆች በቁጥር ብዛት አያዝኑም፤ ለአንድ ብር ብሎ በበር የተሰለፈን ዓይነ ሥውር ግን ያውቁታል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በየቀኑ ያልፉታልና።

ሐዘኑ ተገቢ ቦታውን ካገኘ በኋላ ጠላትን ስለተዋጉት የእኛ ወታደሮች መናገር ይቻላል። በዚህ ረገድ የእኛ ትምህርት ቤት ዕድለኛ ነው እላለሁ፤ በበራችን የሚያልፈው መንገድ ሆለታን አቋርጦ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው ነውና። በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች ሲሠለጥኑ የነበሩት ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ እጃቸውን አንሰጥም ያሉት ወደ ምዕራብ ተጉዘው ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር በመሆን የጥቁር አንበሳን ማኅበር በወለጋ አቋቋሙ። ሊቀመንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በነቀምት አቅራቢያ በቦነያ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የጠላት መኮንኖችን ገደሉ። በኋላ ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው ሲዋጉ ቆይተው፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ለመስጠት ተገደዱ። የካቲት 12 ሲመጣ ታዲያ ከማኅበሩ መኮንኖች እነ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለአብ በጠላት እጅ ነበሩ፤ ተማርኮ የቆየ ወጣት መኮንን፣ ቦምቡን ማን እንደወረወረ ሳይጠየቅ፣ የተማረ ኢትዮጵያዊ በመሆኑ ብቻ ተረሸነ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍም በዚያው ሰሞን ተገድለዋል።

ለተማሪዎቼ ከውጊያው ይልቅ አስፍቼ ያስተማርኳቸው የማኅበሩን ደንብ ነው። ወታደሩ ለሲቪሉ አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይንገላታ ደንግገው ነበር። አገር ፈርሶ፣ ንጉሡ በስደት ላይ ሳሉ፣ ስንቅ በሌለበት ጫካ ውስጥ ይህን ማሰባቸው ከማንኛውም ፉከራ በላይ ያስከብራቸዋል። አባቱ የመከላከያ ሠራዊት አባል የሆነ አንድ ልጅ፣ «ሲርባቸውስ ምን ይበሉ ነበር?» ሲል፣ ከኋላ ወንበር ያለ ጓደኛው «ለምነው» አለው፤ ከዚያ ደወል እስኪደወል ድረስ የተራበ ወታደር የገበሬን እህል ቢወስድ ልክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ተከራከሩ። እኔ ጣልቃ አልገባሁም።

በዕለቱ በሰልፉ ላይ ፉከራ አልነበረም። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ቆሙ፤ ሁለት ልጆች የሦስቱን ቀናት ታሪክ አነበቡ፤ ከሕሊና ጸሎቱም በኋላ ወደየክፍላቸው ገቡ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ዝግጅቱ ቀዘቀዘ አሉኝ፤ ስሜታቸውን እረዳለሁ፣ ነገር ግን በዚህ አልስማማም። የሆለታ ልጆችን ታሪክ በድራማ ለማቅረብ የአርበኞች መታሰቢያ ለሆነው ለሚያዝያ 27 ዋዜማ ቀጠሮ ይዘናል፤ ቀረርቶውም የእንጨት ጦሩም ያን ቀን ይወጣል። የማኅበሩን ደንብ የምታነበው ያቺው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ልምምዱ ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነው።