የጭነት ሙከራ መሣሪያ ስመርጥ የተታለልሁበት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የአንድ የግል ኮሌጅ የኦንላይን ምዝገባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተከፍቶ ሰርቨራችን ሳይወድቅ ዋለ። ባለፈው ሴሚስተር ግን በዚያው ሰዓት ድረ ገጹ ለ20 ደቂቃ ያህል መልስ መስጠት አቁሞ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ «ችግር የለም» የሚል የጭነት ሙከራ (ብዙ ሰው በአንዴ ሲመጣ ሰርቨሩ ይቋቋም እንደሆነ አስቀድሞ መፈተሽ) ሪፖርት ጽፎ ያስረከበው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ስለነበርሁ፣ የደረሰብኝን ለሙያ ጓደኞቼ መናገር ዕዳ ሆኖብኛል።

የጀመርሁት እንደ ብዙዎቻችን አፓቼቤንች በሚባለው የሙከራ መሣሪያ ነው፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ አንድን ገጽ ይደበድባል እንጂ ገብቶ፣ ኮርስ መርጦ፣ ከፍሎ የሚወጣ ተማሪን አያስመስልም። ቀጥዬ ጄሜተር የሚባለውን መሣሪያ ያዝሁ። መስኮቱን ከፍቼ 500 ምናባዊ ተጠቃሚ (መሣሪያው እንደ ሰው ሆኖ ጥያቄ የሚልክበት) ስለቅበት ከሰርቨሩ በፊት የኔው ላፕቶፕ ተንፈራገጠ። መስኮቱ ሙከራውን ለማዘጋጃ ብቻ እንደሆነና ዋናው ጭነት ከኮማንድ ላይን (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት) መነሳት እንዳለበት መመሪያው በግልጽ ይናገራል፤ ያነበብሁት ግን ከተቃጠልሁ በኋላ ነው። ሎከስት የሚባለውን መሣሪያ ደግሞ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የለመደ ቡድን ቢይዘው አይቆጭም።

ያሰቃየኝ ሌላ ነገር ነበር። በሪፖርቴ 99ኛው ፐርሰንታይል (ከመቶው ጥያቄ 99ኙ መልስ የሚያገኙበት የጊዜ ጣሪያ) ከ1 ሰከንድ በታች ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጠው ቆዩ። ምክንያቱን ያገኘሁት የሶፍትዌር ባለሙያው ጊል ቴኔ «ኮኦርዲኔትድ ኦሚሽን» ብሎ ስለሰየመው ስሕተት ሳነብ ነው። ለምሳሌ አንድ ምናባዊ ተጠቃሚ በሰከንድ 10 ጥያቄ ለ100 ሰከንድ እንዲልክ ታዘዘ እንበል፤ መሐል ላይ ሰርቨሩ ለ20 ሰከንድ ቀጥ ቢል፣ ተጠቃሚው የመጀመሪያውን መልስ ሳያገኝ ሁለተኛውን ስለማይልክ እርሱም አብሮ ይቆማል። በመጨረሻ በመዝገቡ ላይ 800 ፈጣን መልሶችና አንድ ዘገምተኛ መልስ ብቻ ስለሚኖሩ 99ኛው ፐርሰንታይል እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል። እውነተኛ ሰዎች ግን ሰርቨሩ ቆመ ብለው ከመምጣት አይቀሩም። በዚያው ፍጥነት ቢመጡ ከ1,000 ጥያቄ 200ው በቆመው ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ 99ኛው ፐርሰንታይልም ወደ 19 ሰከንድ ይጠጋል። የታክሲ ሰልፍን ርዝመት ተሳፍሮ ከተመለሰ በኋላ ብቻ እንደገና በሚሰለፍ አንድ ሰው እንደ መለካት ነው።

ስለዚህ አሁን የምጠቀመው ኬሲክስ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ስክሪፕቱ በጃቫስክሪፕት ስለሚጻፍ ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሥርዓት) ውስጥ ከኮዱ ጋር አብሮ ይገመገማል፤ የጄሜተርን ኤክስኤምኤል ፋይል ሁለት ሰው ነክቶት ለማዋሐድ የሞከረ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቃል። ከሁሉ በላይ «ኮንስታንት አራይቫል ሬት» በሚባለው አሠራሩ፣ ሰርቨሩ ቢዘገይም ባይዘገይም አዳዲስ ጥያቄዎች በተወሰነላቸው ፍጥነት ይጀመራሉ። ምናባዊ ተጠቃሚዎቹ አልቀው ሳይጀመሩ የቀሩትንም «ድሮፕድ ኢተሬሽንስ» ብሎ ይቆጥራል፤ ይህን ቁጥር ሳያዩ ሪፖርት መጻፍ የኔን ጥፋት መድገም ነው። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የጄሜተር ብቻ አልነበረም፤ ከስሪት 5.5 ጀምሮ እርሱም ይህንኑ የሚያደርግ «ኦፕን ሞደል» የሚባል ምርጫ አለው፣ እኔ ግን አልፈለግሁትም።

በአዲሱ አሠራር ስሞክር ሰርቨሩ በሰከንድ ከ5 ምዝገባ በላይ እንደማይችል በጥቂት ደቂቃ ታወቀ። የዳታቤዝ ኮኔክሽን ፑሉ (በአንድ ጊዜ ሊከፈቱ የሚችሉት የዳታቤዝ ግንኙነቶች) 10 ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምዝገባ የክፍያ ማረጋገጫ እስኪመጣ ድረስ ለ2 ሰከንድ ያህል አንዱን ይዞ ይጠብቅ ነበር። 10ን ለ2 ማካፈል በቂ ነበር፤ እኔ ግን አስቀድሜ ሁለት እጥፍ ራም ያለው ሰርቨር አስገዝቻለሁ፤ ያ ወጪ እስካሁን ያሳፍረኛል። ማረጋገጫውን ከትራንዛክሽኑ (የዳታቤዝ ግንኙነቱን ይዞ ከሚቆየው ሥራ) ውጭ ስናወጣው ነገሩ ተፈታ።

ለጀማሪ የምመክረው መሣሪያ ሳይመርጥ በፊት ተጠቃሚዎቹ እንዴት እንደሚመጡ እንዲጠይቅ፣ አማካይ የሚባለውን ቁጥርም ከሪፖርቱ እንዲሰርዝ ነው። ሙከራውንም ሰርቨሩ ካለበት ማሽን ላይ አያስነሣ፤ እኔ አንድ ሙሉ ሳምንት እንዲያ አድርጌያለሁ። አሁን የቀረኝ፣ በደካማ የሞባይል ኔትወርክ የሚገቡ ተማሪዎች ኮኔክሽን ለረጅም ጊዜ ይዘው ሲቆዩ የሚሆነውን ማስመሰል ነው፤ ቅዳሜ ማታ እሞክረዋለሁ።