አፍ የሌለው ምድጃ

ቪየና ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሲመጣ ሾንብሩን ቤተ መንግሥትን አሳያለሁ። ኦስትሪያን ይገዙ የነበሩት የሃብስበርግ ነገሥታት በጋውን የሚያሳልፉበት ነበር። አሁን ያለውን መልክ ያስያዘችው ከእነሱ አንዷ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። 1,441 ክፍሎች አሉት፤ ጎብኚ የሚያየው ግን ጥቂቱን ነው።

አንድ ቀን ከነልጅ ልጆቻቸው የመጡ እናት ይዤ ገባሁ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ እንደነበር በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አጫውተውኛል። መጀመሪያ የዘቦች ክፍል ነው። እዚያ ማንም አይቆይም፤ ሁሉም ወደ መስተዋቱና ወደ ወርቁ ይቸኩላል። እማማ ግን ትልቁ የሸክላ ምድጃ ጋ ቆመው ቀሩ። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አፍ የለውም። እንጨቱን በየት ነው የሚማግዱት?» አሉኝ።

ከግድግዳው ጀርባ መተላለፊያ አለ። አገልጋዮቹ የሚማግዱት ከዚያ ነበር። እንጨቱም አመዱም ክፍሉ ውስጥ አይገባም። የሚማግደውም ሰው አይታይም። ይህን ነገርኳቸው።

ቀጥሎ የፍራንዝ ዮሴፍ መኝታ ቤት ገባን። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1830 የተወለደው፣ በ1916 በኅዳር ብርድ የሞተው እዚሁ ቤተ መንግሥት ነው። አልጋው ተራ የብረት አልጋ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ሳይሞላ ተነስቶ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ተንበርክኮ ጸልዮ ሥራ ይጀምር ነበር። እዚህ ላይ እንግዳ ሁሉ ትጋቱን ያደንቃል።

«እሱ በዚያ ሰዓት ከተነሳ፣ ቤቱን ያሞቀለት ሰው ስንት ሰዓት ተነሳ?» አሉ እማማ። ቀጠሉና፣ «እኔ አውቀዋለሁ። ጌቶች ሲነቁ ሻዩ ፈልቶ መጠበቅ አለበት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹን የሚያቆማቸው ጠፋ። ከ40 ሜትር በላይ በሚረዝመው ታላቁ አዳራሽ ሁሌም ስለ ጣሪያው ሥዕልና እ.ኤ.አ. በ1961 እዚህ ስለተስተናገዱት የአሜሪካና የሶቪየት መሪዎች፣ ኬኔዲና ክሩሽቼቭ ነበር የምናገረው። ልጆቹ የጠየቁኝ ግን ሻማውን ማን እንደሚያበራ፣ የሚንጠባጠበውን ሰም ማን ከወለሉ እንደሚፍቅ ነው። ደስ አለኝ። ያን ቀን ቤተ መንግሥቱ ሰው የኖረበት ቤት መሰለኝ።

አሁን የዘቦች ክፍል ላይ አልቸኩልም። እንግዶቼን ምድጃውን አሳይቼ የእማማን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። ጊዜው ግን ያው ነው፣ ከሌላ ቦታ መቀነስ ነበረብኝ። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ካርል እ.ኤ.አ. በ1918 ከመንግሥት ሥራ መውጣቱን የፈረመበትን ሰማያዊ የቻይና ሳሎን አልነካሁም። የቀነስኩት ማን ማንን አገባ የሚለውን ረጅም ዝርዝር ነው።