ኮፓውን ለካሁ፣ ማጣሪያውን ረሳሁ

ኮሮላዬን ዝቅ ባደረግኩበት ሳምንት የለካሁትን ሁሉ በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ከመሬት እስከ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ)፣ ከመሬት እስከ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፣ ከመሬት እስከ ፊት ባምፐሩ ታችኛ ጠርዝ። ጭንቀቴ ሁሉ በጎንደር ኮብልስቶንና በየሠፈሩ ባሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ላይ ሆዷ እንዳይፋቅ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ የአየር መሳቢያ ስገጥምላት ያንኑ ደብተር አልገለጥኩትም። አንድ ቁጥር የጎደለው ያኔ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ታችኛ ጫፍ ከመሬት ያለው ርቀት። ሐምሌ ላይ ሞተሯ ውኃ የጠጣው በዚያ በጎደለው ቁጥር ምክንያት ነው። መኪና ዝቅ የምታደርጉ ወንድሞችና እህቶች የእኔ ሐምሌ እንዳይደርስባችሁ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም የሆነውን ላካፍላችሁ።

ሚያዝያ

ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያስመጣኋቸውን አጫጭር ሞላዎች ገጠምን። መኪናዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ናት፤ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,587 ሲሲ፣ ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው ነው። በአራቱም ጎማዎች በኩል 4 ሴንቲሜትር ወረደች። ነባሩን ሞላ በመጋዝ ቆርጠው የሚያሳጥሩ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፣ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠልም ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

ግንቦት

ከፋብሪካው የመጣው የአየር መሳቢያ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ነው። አፉ ከኮፈኑ (ከሞተሩ ክዳን) ሥር ከፍ ብሎ፣ ከፊት መብራቱ በስተኋላ ተቀምጧል። አሁን ስለካው ከመሬት 68 ሴንቲሜትር ሆነ። ያኔ ግን ያ ሣጥን ሞተሯን አንቆ የያዛት ይመስለኝ ነበር። በምትኩ ያገለገለ የአሉሚኒየም ቱቦ ገዛሁ። ቱቦው ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ታች ይወርድና ከባምፐሩ ኋላ፣ ከፊት ጎማው ፊት ለፊት፣ በሾጣጣ የጥጥ ማጣሪያ ያበቃል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። በኮፈኑ ሥር ያለው አየር በሞተሩ ሙቀት ይግላል፤ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ አየር እፍግታው ከፍ ስለሚል በአንድ ትንፋሽ ብዙ ኦክስጅን ይገባል። በግምት የሚገባው አየር በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ እፍግታው በ1 ከመቶ ይጨምራል።

ማጣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ ጠበበ። ስለዚህ የፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ክፍል) የውስጥ ፕላስቲክ ማውለቅ ግድ ሆነ። መኪናዬን ለዓመታት የሚያውቋት መካኒኬ ጋሼ «ልጄ፣ ይህ ፕላስቲክ እኮ ያለ ሥራ አልተቀመጠም» አሉኝ። ሰማኋቸው፤ ግን አወለቅኩት።

ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስመለስ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት የምታሰማው ያ ጥልቅ እስትንፋስ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ጉልበት ጨመረች ወይ ለሚለኝ ግን መልሴ ሌላ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 78 ከመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከውጭው አየር በላይ ግፊት ከየትም አያመጣም፤ ከፍታው የወሰደብንን አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበት የትኛውም ቱቦ አይመልስልንም። ደግሞም የከተማችን አየር ራሱ ቀዝቃዛ ነው። በመጋቢት ቆላው መተማ ላይ ለሚነዳ ሰው የቀዝቃዛ አየር ጉዳይ ብዙ ትርጉም አለው። ጎንደር ላይ ግን ማጣሪያውን መሬት አጠገብ አውርዶ ቅዝቃዜ መፈለግ በእጅ ያለውን ነገር ፍለጋ መሄድ ነው።

ሐምሌ

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚያወርደው መንገድ ላይ እያለሁ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። የጎንደርን የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቦዩ ሞልቶ ጎርፉ ድንጋዩንም ቆሻሻውንም ይዞ መንገድ ለመንገድ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል። ከቁልቁለቱ ሥር ውኃው ተኝቷል። ከፊቴ አንድ ባጃጅ ገባና አለፈ፤ ውኃው የጎማውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ባጃጅ ያለፈበትን መኪና አያቅተውም አልኩ። ፍሬን ይዤ ፍጥነቴን ቀነስኩና ገባሁ።

መሐል ላይ ስደርስ ሞተሯ አንዴ ተንቀጥቅጣ ጸጥ አለች። ነዳጅ እንዳለቀበት ሞተር እየተንተፋተፈች አልነበረም የጠፋችው፤ አንድ ነገር በእጁ እንደያዛት ያህል በአንዴ ቆመች። ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞርኩ። ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) «ጠቅ» አለና ቀረ። እጄን ከቁልፉ አነሣሁ፤ ሞተሯ እስከ ዛሬ የኖረችው በዚያ ይመስለኛል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሦስት ወጣቶች መጡ። «ሁለተኛ ማርሽ አስገባና እንግፋልህ» አሉኝ። ራሳቸው ርሰው የሌላውን ሰው መኪና ሊገፉ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ደግነታቸው አይረሳኝም። እሺ ለማለት አፌን ስከፍት የደወልኩላቸው ጋሼ ስልኩን አነሡ። «እንዳትገፋት! ቁልፉንም እንዳትነካ። ማርሹን ዜሮ አድርገህ በገመድ አስጎትታት» አሉ። ድምፃቸውን እንዲያ ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን ማታ ቤት ገብቼ በወረቀት አሰላሁት። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም። የሞተሬ አንድ ሲሊንደር 397 ሲሲ ያህል ነው፤ የመጭመቂያ ንጽጽሩ 9.5 ለ 1 ነው። ስለዚህ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚተርፈው ቦታ 47 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ የበለጠ ውኃ ከገባ ፒስተኑ መድረሻ ያጣል፤ ሞተሩ በኃይል እየዞረ ከሆነ ወይም መኪናው ተገፍቶ እንዲዞር ከተገደደ ደግሞ የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ነው። 47 ሚሊ ሊትር ውኃ በሲሪንጅ ለክቼ በእናቴ የቡና ሲኒ ውስጥ አፈሰስኩት። ሲኒው አልሞላም። እናቴ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ጠየቀችኝና ስነግራት ሲኒውን አንሥታ ብዙ ጊዜ አየችው። «በዚህች ነው እንዴ?» አለች። በዚህች ነው። ይኸው ሞተር ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶት በ3,000 ዙር ሲሠራ በሰከንድ 40 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ማጣሪያው ውኃ ውስጥ ሲሆን ያች ሲኒ ለመግባት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃት ገምቱ።

በማግሥቱ ጋሼ የነዳጁንና የእሳቱን ሶኬቶች ነቀሉ፤ አራቱንም ካንዴላዎች ፈቱ፤ ከዚያ ሞተሪኖውን አዞሩት። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሲሊንደር ቆሻሻ ውኃ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ዘይቱን አየነው፤ ውኃ እንደተቀላቀለበት ዘይት ወተት አልመሰለም፤ ቢሆንም ቀየርነው። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ በዘንጉ ላይ ምልክት አደረጉ። አንደኛውና አራተኛው ፒስተን አብረው ይወጣሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ። ቢየላው የታጠፈ ፒስተን ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ይቀራል። የአራቱም ምልክት እኩል ሆነ። ጋሼ ዘንጉን ሰጡኝና «ተመስገን በል» አሉ። አልኩ።

እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን በምን ያህል ግፊት እንደሚያምቅ የሚያሳየውን የኮምፕረሽን መለኪያም ገጠምን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በጥገና መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ጎንደር ላይ ጤናማ ሞተር እንኳ ከዚያ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል። ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ ሞተር እንዳታስወርዱ። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በእኔ ሞተር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ቀስ ብዬ በዝቅተኛ ዙር መግባቴ ቢየላዎቹን አተረፋቸው።

ነሐሴ

ደብተሩን ገለጥኩ። ማጣሪያውን ለካሁት። መኪናዋ ባዶ ሆና በደልዳላ መሬት ላይ ስትቆም የማጣሪያው ታችኛ ጫፍ ከመሬት 17 ሴንቲሜትር ነው። ዝቅ ባላደርጋት ኖሮ 21 ይሆን ነበር። እኔና አንድ ሰው ከፊት ስንቀመጥ 15 ተኩል ሆነ። ይህ ሁሉ ግን መኪናዋ ቆማ ነው። ስትሄድ ምን እንደምትሆን ለማወቅ በፊት አሞርዛተሩ (የንዝረት ማብረጃው) ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ። አሞርዛተሩ ሲታመቅ ማሰሪያው ይገፋና በደረሰበት ይቀራል፤ ወርዶ ርቀቱን መለካት ነው። ፍሬን ጠበቅ አድርጌ ስይዝ አፍንጫዋ 3 ሴንቲሜትር ወረደ። ማጣሪያው 12 ተኩል ላይ ደረሰ ማለት ነው።

አሁን የሐምሌውን ቀን መልሳችሁ አስቡት። የውኃው ጥልቀት 18 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ባጃጁ ያለፈው የሞተሩ አየር መሳቢያ ከኋላ ከፍ ብሎ ስላለ ነው፤ የእኔ ማጣሪያ የነበረው ግን ከፊት ከታች። እኔ ደግሞ ፍሬን ይዤ አፍንጫዋን ደፍቼ ገባሁ። ባምፐሩ ውኃውን ሲገፋው ከፊቱ ማዕበል ይነሣል፤ ቆሞ የሚታየው ጥልቀትና መኪናው የሚገፋው ጥልቀት አንድ አይደሉም። የፓራፋንጎው ፕላስቲክ ስለወለቀ ጎማው የሚረጨው ውኃ በቀጥታ ማጣሪያው ላይ ያርፋል። ዝቅ ማድረጓ ብቻውን ያን ውኃ ባሳለፈኝ ነበር። ቱቦው ብቻውንም በመጀመሪያ ከፍታዋ፣ ፍሬን ባልይዝ፣ ምናልባት ባሳለፈኝ ነበር። ሁለቱን በአንድ መኪና ላይ ሳገናኛቸው አንድም ጊዜ በአንድነት አላሰብኳቸውም።

አማራጮችንም መረመርኩ። በቱቦው ላይ ከፍ ብሎ የሚገጠም የአየር ማለፊያ ቫልቭ አለ፤ ማጣሪያው ሲሰጥም መሳቡ ስለሚበረታ ቫልቩ ተከፍቶ አየሩን ከላይ ያስገባል። ቱርቦ ላለው ሞተር አይሆንም፤ ለእኔው ዓይነት ይሆናል። ሆኖም ቫልቩ ራሱ ከውኃው በላይ መሆን አለበት፤ በውስጡ ያለው ስፖንጅም ያረጃል። ሞተሬን ለሚያረጅ ስፖንጅ አደራ መስጠት አልፈለግሁም። ማጣሪያው ላይ የሚለበስ ውኃ የማያስገባ ጨርቅም አለ፤ ለርጭት ደህና ነው፣ ለመስጠም ግን አይደለም።

መስከረም

መፍትሔው ማጣሪያውን ወደ ላይ መመለስ ሆነ። ቱቦውን አሳጠርነው፤ ማጣሪያው አሁን ከፊት መብራቱ ኋላ ከመሬት 61 ሴንቲሜትር ላይ ተቀምጧል። ክፍት ትቼው ቢሆን የሞተሩን ትኩስ አየር ይስብ ነበር። ስለዚህ በላሜራ ሣጥን ሠራንለት፤ ከላይ ጠርዙ ላይ የበር ጎማ ለጥፈን ኮፈኑ ሲዘጋ እንዲከደን አደረግን፤ ከፊት ፍርግርጉ ደግሞ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ቱቦ አስገባንለት። ሣጥኑ ሥር ውኃ የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ፓራፋንጎው ፕላስቲኩን መልሶ ለብሷል፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሰሩት፤ ምንም አላሉም።

ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ማጣሪያው አጠገብ አስሬ ደጋግሜ ለካሁ። የውጭው አየር 19 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስሄድ፣ ከታች የነበረው ማጣሪያ 21 ዲግሪ አየር ሲስብ የሣጥኑ 23 ይስባል። ልዩነቱ 2 ዲግሪ ነው፤ በእፍግታ ሲሰላ 1 ከመቶ አይሞላም። ለዚያች ቅንጣት ነበር ማጣሪያዬን ጎርፍ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ላሜራውን አንሥቼ ክፍት ማጣሪያ ስሞክር ግን አዘዞ መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ተጨናንቆ ስቆም 47 ዲግሪ አነበብኩ። ሣጥኑ ዋጋውን በደንብ ከፍሏል።

ስለ አቧራ አንድ ቃል። በግንቦት ማጣሪያው ከታች በነበረበት ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ነበር። የጥጥ ማጣሪያ ታጥቦ በልዩ ዘይት ይቀባል፤ ዘይቱ ሲበዛ ግን የአየር መጠን ዳሳሽ ባላቸው መኪኖች ላይ ዳሳሹን ይበክላል። ቀጭን አድርጋችሁ ቀቡ፤ አንድ ሌሊት ይደር።

መኪናዋ አሁንም ዝቅ እንዳለች ናት። አቋቋሟን እወደዋለሁ፤ ከፍ የማድረግ ሐሳብም የለኝም። ድምፁ ቀንሷል፤ በሣጥኑ ውስጥ ታፍኖ ይሰማል። በደብተሬ ላይ ግን አዲስ ዓምድ አለ፤ ባዶ፣ በሰው ተጭና፣ ፍሬን ተይዞ። ዝቅ ያለች መኪና ያላችሁ፣ ማጣሪያችሁ ከባምፐሩ ኋላ የተቀመጠ ሁሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጋራዥ ብቅ በሉ፤ ሜትር፣ ክሪክና ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ አለኝ፤ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። በጥቅምት ቴርሞሜትሩን አስሬ ወደ መተማ እወርዳለሁ። የቆላውን ቁጥር ስመለስ እጨምርበታለሁ።