«ደንገጎ ዘንቧል» ያለው መልእክት

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ ነዋሪዎች በቴሌግራም የሚልኩትን መረጃ አጣርቶ መልሶ ለሕዝብ በሚያሰራጭ ክፍል ነው። የሚመጣው መልእክት በሰው ዓይን ብቻ ተነቦ ስለማያልቅ አስቀድሞ የሚያየው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት የጥርጣሬ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ዝቅ ያለው ለስርጭት ይቀርባል፤ ከፍ ያለው ደግሞ በወሬነት ተይዞ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም የሚነበበው በማግስቱ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚታይበት ፎቶ የያዘ ነበር። «ወንዙ ዛሬ ሞልቶ ወደ መንደር ገብቷል» የሚል፣ ሥርዓተ ነጥቡ የተሟላ፣ እርጋታ ያለው አማርኛ ከሥሩ ተጽፏል። ሥርዓቱ ፎቶው በኮምፒውተር የተፈበረከ አለመሆኑን አረጋግጦ አሳለፈው። ሁለተኛው ከአንድ የሚኒባስ ረዳት የመጣ ነው። አማርኛና ኦሮምኛ ተቀላቅሎበታል፤ ፎቶ የለውም፤ በቃለ አጋኖ ተሞልቷል። «ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ ነው! አሸዋው ላይ ያላችሁ ውጡ! ለሁሉም አድርሱ!» ይላል። ደንገጎ ከከተማው በላይ በሐረር መንገድ ያለ፣ ዝናቡ ወደ ደቻቱ የሚወርድ ከፍታ ነው፤ አሸዋው ደግሞ ውኃ በሌለበት ጊዜ የሚደርቀው የወንዙ ወለል ነው። ይኼኛው መልእክት ከፍተኛ የጥርጣሬ ነጥብ ተሰጥቶት ተያዘ።

ከእኛ መካከል በዕድሜ የሚበልጡን ባልደረባችን ደቻቱ ዳር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ለስርጭት የተዘጋጀውን ፎቶ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ግንቡ የታለ?» አሉት ኮምፒውተሩን የያዘውን ወጣት። ወንዙ ዳር የቆመው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ፎቶው ላይ የለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሕይወት የቀጠፈው ጎርፍ ፎቶ ነበር። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ «ዛሬ» የሚለው ቃል ግን ውሸት ነው።

ወዲያው የተያዙትን መልእክቶች እንዲከፍትላቸው ጠየቁት። የረዳቱን ጽሑፍ ሲያነቡ ወጣቱ፣ «እትዬ፣ ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው» አላቸው።

«የደቻቱ ውኃ መቼ ከዚህ ሰማይ መጥቶ ያውቃል? ስልክ ስጠኝ።»

ደንገጎ ላይ ሱቅ ላለው ዘመዳቸው ደወሉ፤ ከሐረር የሚወርድ አንድ ሾፌርም ተጠየቀ። ሁለቱም ዝናቡ መንገድ እስኪያስቆም ድረስ እየወረደ መሆኑን ነገሩን። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ወጣ፤ ለቀበሌዎችም ተደወለ። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በሚያሻግረው ደረቅ አሸዋ ላይ ሸቀጣቸውን ዘርግተው የነበሩ ሴቶች ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም እንዲሁ። ውኃው ሳይመሽ ደረሰ። ሰው አልወሰደም። ያ መልእክት እስከ ማግስቱ ተይዞ ቢቆይ ኖሮ የሚሆነውን ሳስብ አሁንም ሰውነቴ ይርዳል።

ሥርዓቱ ለምን እንዲህ እንደ ፈረደ ማጣራት ነበረብን። እንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ደንገጎ ላይ መዝነቡንና አለመዝነቡን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጽሑፍ ከዚህ ቀደም ሰዎች «ሐሰት» ብለው ምልክት ካደረጉባቸው ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ብቻ ነው። «ለሁሉም አድርሱ» የሚለውን የሐሰት ወሬ ሁሉ ስለሚጠቀምበት፣ የደነገጠ ሰው እውነት ሲናገርም ያው ሐረግ ያስጠረጥረዋል። ተረጋግቶ የሚዋሽ ሰው ግን ያልፋል። የፎቶ መርማሪውም የሚመልሰው ምስሉ ተፈብርኳል ወይስ አልተፈበረከም የሚለውን ጥያቄ እንጂ መቼ ተነሣ የሚለውን አይደለም።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። ሥርዓቱ የተመሠረተበት ኤክስኤልኤም-አር የተባለው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የቋንቋ ሞዴል ከተማረባቸው 100 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይገኙበታል። ሆኖም የተማረበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ 300 ጊጋባይት ያህል ሲሆን የአማርኛው አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም፤ የኦሮምኛው ደግሞ ከዚያም እጅግ ያንሳል። ድሬዳዋ ላይ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቋንቋ እያፈራረቀ ይጽፋል። የከተማችን የዕለት ተዕለት አነጋገር ለማሽኑ ባዕድ ከሆነ፣ በወሬነት የሚጠረጠረው ከሁሉም በፊት የራሳችን ሰው ነው። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ተብሎ መታለፉን አልቀበልም፤ የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

አሁን ጎርፍ፣ እሳት ወይም ግጭት የሚጠቅስ መልእክት ነጥቡ ምንም ያህል ቢሆን ተይዞ አይቆይም፤ በቀጥታ ወደ ሰው ይሄዳል። የድሮ ፎቶዎችን ከነቀናቸው እየሰበሰብን አዲስ የሚመጣውን ከእነርሱ ጋር እናመሳክራለን። ደንገጎ ላይና በመንገዱ የሚሠሩ ሰዎች ስልክም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የረዳቱን መልእክት ጨምሮ በስሕተት የተያዙትን «እውነት» የሚል ምልክት እየሰጠን ሥርዓቱ እንደገና እንዲማርባቸው እያደረግን ነው። የኦሮምኛው ጥሩ እየሄደ ነው። ለሶማሊኛው ግን አማርኛንም ሶማሊኛንም የሚጽፍ፣ የከተማውን ሰፈሮችም የሚያውቅ ሰው ገና እየፈለግን ነው።