361 ሜትር ብቻ ነው ብዬ

ስኮትላንድ ውስጥ ያለው ኮኒክ ሂል የሚባለው ተራራ 361 ሜትር ነው። ቁጥሩን ሳየው ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ፣ እንጦጦን ስንት ቅዳሜ የወጣ ሰው 361 ሜትር ምን ያደርገዋል? ግላስጎው ያለችው ጠባብ ክፍሌ ሰልችታኝ ስለነበር በኅዳር አፋፍ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቆሎና ዳቦ በቦርሳ ከትቼ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ውልቅ አልኩ።

ያላሰብኩት ነገር ይሄ ነው። እንጦጦ ስትሄድ ሽሮ ሜዳ ድረስ ታክሲው ነው የሚያወጣህ። ኮኒክ ሂል የሚጀመርባት ባልማሃ ግን ሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳር ያለች መንደር ናት፤ ሐይቁ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 8 ሜትር ገደማ ነው። 361ዱን ሜትር ከሞላ ጎደል በሙሉ በገዛ እግርህ ነው የምትወጣው።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት በባቡር ባሎክ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ባልማሃ። የመመለሻውን ሰዓት በስልኬ ፎቶ አንስቼ ያዝኩ፤ ብልጥ ነኝ ብዬ። መንደሯ ውስጥ የቶም ዊር ሐውልት አለ። ተራራ ወጪ፣ የቴሌቪዥን ሰው ነበር። ሐውልቱ እንኳ የሱፍ ኮፍያ አድርጓል፣ እኔ ባዶ ራሴን ነኝ።

መንገዱ ጫካ ውስጥ ስለሚጀምር ነፋስ የለም፤ ሞቆኝ ጃኬቴን ሁሉ አውልቄ ነበር። ጫካው አልቆ የበጎቹን በር ከፍቼ ስወጣ ነፋሱ በጥፊ አለኝ። ካፊያው ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ ወዲያው ተገለበጠች። ጂንስ ነበር የለበስኩት፤ ውሃ የጠጣ ጂንስ ደግሞ ጭኑ ላይ ተለጥፎ እርምጃ ይከለክላል፣ በዚያ ላይ ይቀዘቅዛል፣ በዚያ ላይ ቤት እስክትገባ አይደርቅም። ጂንስ ለካፌ ነው።

ድንጋዩን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ክብ ክብ ጠጠሮች ተጣብቀውበት ልክ ለፎቅ መሠረት የተሞላ ኮንክሪት ይመስላል። ሲያዩት ያምራል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ሶሉ ያለቀ ስኒከር ጨርሶ አይይዘውም።

እያለከለኩ አንድ ጉብታ ላይ ደርሼ «ጨረስኩ!» ብዬ ፎቶ ሳነሳ፣ ውሻ ያስከተሉ አንዲት አሮጊት አለፉኝ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ትንፋሻቸው ከፍ እንኳ አላለም። ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ጫፉ እኮ ያ ነው» አሉኝና ወደ ፊት ጠቆሙኝ። እውነትም ከፊቴ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ አለ። ብዙ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ላይ ነው የሚመለሰው፤ የሐይቁ እይታ ከዚያም ስለሚያምር አይፈረድበትም። እኔ ግን ከማፈሬ የተነሳ እሳቸውን ተከትዬ እስከ ጫፉ ሄድኩ።

ዳመናው ለአምስት ደቂቃ ያህል ተገለጠ። ኢንችካይሎክ፣ ቶሪንች፣ ክሪንች፣ ኢንችመሪን፤ አራት ደሴቶች ሐይቁ ላይ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። ተራራማውን ስኮትላንድ ከዝቅተኛው የሚለየው የመሬት ስንጥቅ የሚያልፈው በዚያው መስመር ነው፣ እኔ የቆምኩበትም ጉብታ የሱ አካል ነው። የስምጥ ሸለቆ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ብርዱን ረስቼ ፈዝዤ ቀረሁ።

መፍዘዜ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። እዚህ አገር የብርዱ ወራት ሲገባ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ተመልሶ ነበር። ፀሐይዋ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በነሱ 4:30፣ ልትጠልቅ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ሁለቴ በቂጤ ተቀመጥኩ። ጫካው ውስጥ ስገባ ጨልሟል። የስልኬን መብራት ላበራ ሳወጣው፣ 40 ፐርሰንት የነበረው ባትሪ ብርዱ ገድሎት ጠፍቷል። የአውቶቡሱም ሰዓት እዚያው ውስጥ አብሮ ጠፋ።

በዳበሳ ወረድኩ። መንገዱ ሰፊና የተጠረገ ባይሆን ምን እንደምሆን እንጃ። እግሬ ቢጠማዘዝ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አሁን ስወጣ ጎረቤቴን «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩልህ 999 ደውል፣ ፖሊስ በል፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቅ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ስቆብኛል። የአውቶቡስ ሰዓት በወረቀት እጽፋለሁ፣ የግንባር ባትሪ ገዝቻለሁ፣ ስልኬን የውስጥ ኪሴ ውስጥ ሰውነቴ ጋ አደርገዋለሁ። የተራራ ጫማ ውድ ነው፤ እሱን ሁለተኛ እጅ ነው ያገኘሁት።

ፌርማታው ጋ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። አውቶቡሱ ሲመጣ ሹፌሩ ጂንሴን አይቶ ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ወንበር በአገጩ አሳየኝ። ቦርሳዬን ስከፍት ቆሎዬ ርሶ ንፍሮ ሆኗል። እስከ ባሎክ እሱን እየበላሁ ሄድኩ።