ሦስት ላፕቶፕ፣ አንድ ፍላሽ፦ ከኢምፖርት ኤረር ጋር የገጠምነው ግብግብ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ አብረን የምንማረው ልጆች በፓይተን የጻፍነው ኮድ ይኸው በሦስቱም ላፕቶፖች ተነሣ! አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ካነሣናቸው ፎቶዎች ቆሮሶን ከአምባዛ የሚለይ ነው። የኔ ዊንዶውስ ነው፣ የአንዱ ኡቡንቱ፣ የአንዷ ማክ። የሎፕና የፈንክሽኑን ዘመን ልዝለለው፤ ያንገበገበን «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» ነው፤ ኮዱ ኢምፖርት ብሎ የሚጠራውን ሞጁል (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ) ፓይተን ሲያጣው የሚያወጣው ኤረር።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ኮዱ ውስጥ የሚጠራውና የሚጫነው ስም ሊለያይ ይችላል፦ ለፎቶ ሥራ ከምንጠራቸው፣ ሲቪ2 የሚጫነው ኦፕንሲቪ-ፓይተን ተብሎ ነው፤ ፒል ደግሞ ፒሎው ተብሎ። ሌላው፣ ኤረሩ «ኮምፒውተሩ ላይ የለም» ማለቱ አይደለም፤ «አሁን የሚሠራው ፓይተን ጋ የለም» ማለቱ ነው። አንድ ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ፓይተን ሊይዝ ስለሚችል ሲስ ዶት ኤክስኪዩተብልን ፕሪንት አድርጋችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ። ፓኬጅ የሚጭንልንን ፒፕንም ለብቻው አትጥሩት፤ እዚያው ፓይተን ላይ እንዲጭን «ፓይተን ዳሽ ኤም ፒፕ ኢንስቶል» በሉ።

ትልቁ ጣጣ ፍላሹ ነበር። ዳታ ለመቆጠብ አንዳችን አውርደን ለሌላው እንቀዳለን። ከኔ የተቀዳው ነምፓይ (የቁጥር ሥራ ፓኬጅ) ኡቡንቱ ላይ «ይህ ዊል ለዚህ ፕላትፎርም አይሆንም» ብሎ ድርቅ አለ። ዊል ማለት ለመጫን የተዘጋጀ የፓኬጅ ፋይል ነው። መልሱ ፋይሉ ስም ላይ ተጽፏል፦ ሲፒ312 ካለ ለፓይተን 3.12 ነው፣ ዊን ካለ ለዊንዶውስ፣ ማኒሊኑክስ ካለ ለሊኑክስ። ነምፓይና ኦፕንሲቪ በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ክፍል ስላላቸው ለየኦኤሱ (ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስ፣ ለማክ) ተለይተው ይዘጋጃሉ። ስሙ «ነን-ኤኒ» ብሎ የሚያልቅ ግን ንጹሕ ፓይተን ስለሆነ የትም ይገባል። ደግነቱ ዊንዶውስ ላይ ሆኖም የሊኑክሱን ማውረድ ይቻላል፦ ፒፕ ዳውንሎድ ላይ «ፕላትፎርም» የሚለውን አማራጭ ጨምሩና ማኒሊኑክስ2014 ኤክስ86 64 በሉት። «ኦንሊ ባይናሪ ኦል»ን (የተዘጋጀ ዊል ብቻ አውርድ ማለት ነው) ወይም «ኖ ዴፕስ»ን (ተጓዳኝ ፓኬጆችን ተው ማለት ነው) አብራችሁ ካልሰጣችሁት ግን እሺ አይልም። የፓይተኑ ቨርዥን ከናንተ የሚለይ ከሆነም እሱን ጥቀሱለት። ለማኳ ልጅ አርም64 የሚለውን ነው የፈለግነው፤ የድሮዎቹ ኢንቴል ማኮች ሌላ ነው የሚፈልጉት።

ቬንቩን (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ተለይቶ የሚከፈተውን የፓይተን ፎልደር) እንዳለ በፍላሽ መቅዳትንማ እርሱት። ውስጡ የተጻፈው መንገድ የዚያው የተፈጠረበት ማሽን ነው፤ ዊንዶውስ «ስክሪፕትስ» የሚለውን ፎልደር ሊኑክስ «ቢን» ይለዋል። የሚያስፈልጉት ፓኬጆች የተዘረዘሩበትን ሪኳየርመንትስ ፋይል ወስዳችሁ እዚያው አዲስ ቬንቭ ፍጠሩ።

ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያለ ቬንቭ ፒፕ ስትሉ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» (ይህን ፓይተን የሚያስተዳድረው ኡቡንቱ ራሱ ነው) ብሎ ይከለክላችኋል። ክልከላውን በ«ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» ዝለሉት የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ስሙ ራሱ እየነገራችሁ! ቬንቭ ክፈቱ። (እኔ ዊንዶውሴ ላይ ለሃያ መስመር ስክሪፕት ቬንቭ አልከፍትም፤ እሱን ከኔ አትማሩ።)

ዊል ላስቀዳ የምትሉ ኦኤሳችሁንና የፓይተን ቨርዥናችሁን ጽፋችሁ ላኩልኝ። «ላፕቶፔ ጥቁሩ ነው» ለሚለኝ አልቀዳም።