ዘይቱ ከኋላ፣ በሽታው ከፊት

ኤፕሪል ሲገባ ሜሪላንድ ውስጥ የሣር ማጨጃ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚነቃ ይመስላል። የምሠራበት ጋራዥ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ነው። ማጨጃ፣ ጀነሬተር፣ የበረዶ መጥረጊያ፣ የጓሮ ትራክተር እንጠግናለን። በዚያ ሰሞን ግቢያችን መርገጫ አይገኝበትም።

ከሁሉም የምወደው አሮጌውን የጓሮ ትራክተር ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 1970ዎቹ የተሠሩት ጠንካራ ብረት ናቸው። ሁሉ ነገራቸው ይፈታል፣ ሁሉ ነገራቸው ይገጠማል። ዛሬ ትልልቅ መደብሮች የሚሸጡት ቀላል ማጨጃ ካምቢዮው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚመከረው እንዳለ አውጥቶ መቀየር ነው። የድሮዎቹ ግን ሃምሳ ዓመት ሠርተውም ይጠገናሉ። ስለዚህ አንዱን "አርጅቷል፣ ይጣል" ሲሉት ያንገበግበኛል።

የዛሬው ወሬዬ ሊጣል ስለነበረ አንድ ትራክተር ነው። የ1970ዎቹ አጋማሽ ስሪት ነው። አዲስ ሳለ የገዙት የአሁኑ ባለቤት አባት ናቸው፤ ልጅየው ራሳቸው አሁን ሽማግሌ ሆነዋል። ከኋላ በኩል፣ ከካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥባል። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ አሠርተውታል። ሁለቱንም ጊዜ ለጥቂት ሳምንት ይደርቅና መልሶ ይጀምረዋል። "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አሉኝ። "ካልሆነ ለብረት ገዢ እሰጠዋለሁ።"

ሥራውን የማያውቅ ሰው እንዲከተለኝ ስለ ካምቢዮው ትንሽ ልበል። ሃይድሮስታቲክ የሚባለው ዓይነት ነው። ማርሽ መቀያየር የለ፣ በየጊዜው ፍሪሲዮን መርገጥ የለ። ከፊት ያለው ሞተር በረጅም ዘንግ አንድ ፓምፕ ያዞራል። ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላ የዘይት ሞተር ያዞራል፣ እሱ ጎማውን። ፓምፑ ውስጥ እንደ ሐኪም መርፌ የሚስቡና የሚገፉ ትንንሽ ፒስተኖች አሉ። ፒስተኖቹ የሚደገፉበት ሰሌዳ ቀጥ ሲል ዘይት አይገፋም፤ ትራክተሩ ይቆማል። ሰሌዳው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወደፊት፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ወደኋላ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ትራክተር ሠሪዎች ፓምፑን ራሳቸው አይሠሩትም ነበር። ከሰንድስትራንድ ወይም ከኢተን ይገዙት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ከባዱ ግፊት ያለው ውስጥ ነው። እሱ ቢያፈስ ወደዚያው ወደ ካምቢዮው ሆድ ስለሚመለስ መሬት ላይ ጠብታ አታይም። የምታየው ትራክተሩ ሲሞቅ አቅም ማጣቱን፣ ዳገት ላይ መለገሙን ነው። መሬት ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዝቅተኛ ግፊት ካለበት፣ ከካምቢዮው የውጭ ቤት ነው። ሁለት ብረት መሃል ገብቶ ከሚያሽገው ጓርኒሲዮን፣ ከአክሰል ጫፍ፣ ወይም ዘንጉ ከሚገባበት ቀዳዳ። የሽማግሌው ትራክተር ሞቆም ዳገት ይወጣል። ስለዚህ ፓምፑ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት አለ፤ አውቶ መካኒክ አዳማ ተምሮ የመጣ ነው። ተንበርክኮ አየና ወዲያው ፈረደ።

"ጋሼ፣ የዘንጉ ፓራኦሊዮ ነው። ይታዘዝና ልቀይረው?"

ፓራኦሊዮ ዘንጉን ዙሪያውን አቅፎ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት ነው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ገንዘቡ የሚሄደው እሱ ጋ ለመድረስ በሚፈታው ነገር ነው።

"ሁለት ጊዜ ተቀይሯል እኮ" አልኩት።

"ርካሹን ገጥመውት ይሆናላ።"

ሊሆን ይችላል። አለቃችንም ከበር ላይ ሆኖ "ቀይሩለትና ይሂድ" አለ። አልፈርድበትም፤ ከውጭ የተሰለፈውን እያየ ነው። እኔ ግን ግማሽ ቀን ለመንኩት። ሁለት ጊዜ የሞተን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ ከመቅበር በፊት ምን እንደገደለው ማየት አለብን ብዬ።

መጀመሪያ አጠብነው። ይሄን የሚዘል መካኒክ ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነት ትራክተር ፓምፑን የሚያቀዘቅዝ ፕሮፔለር ዘንጉ ላይ አለው። አንዲት ጠብታ ዘይት ስትነካው በየአቅጣጫው ይረጫታል። በላዩ ላይ የታጨደ ሣርና አቧራ ይለጠፍበትና ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። በዚህ ሁኔታ ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስላል። ቅርፊቱን በእንጨት ፋቅንለት፣ ቅባት በሚያለቅ ሳሙና አጠብነው፣ በአየር አደረቅነው። ውሃ በኃይል መርጨት ግን እዚህ አይሠራም። በፓራኦሊዮውና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይገባል።

ስለ መተንፈሻው ካነሳሁ አይቀር፣ ካምቢዮ የሚያፈስበት ሰው በቅድሚያ የሚያየው እሱን ይሁን። ዘይት ሲሞቅ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል። መተንፈሻው በሣርና በጭቃ ከተደፈነ ያ አየር መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። እንዲያ ከሆነ ምንም ብትቀይር ትርጉም የለውም። የኛው ክፍት ነበር። የዘይቱም ልክ ትክክል ነበር። መልኩም ጥሩ ነው፤ ውሃ ቢገባበት ወተት ይመስል ነበር።

ቀጥሎ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ዘይቱ ውስጥ ጨመርን። ቀለም የሌለው ሰው የእግር ፓውደር ቢነፋበትም ይሠራል፤ ነጩ ላይ መጀመሪያ የሚረጥበው ቦታ ይታያል። የፊቱን ጎማ አጥብቀን ደግፈን የኋላውን በክሪክ አነሳነውና መቆሚያ ላይ አሳረፍነው። ሞተሩን አስነሳነው። ቀስ ብሎ ሲዞር ምንም የለም። ጋዙን እስከ መጨረሻው፣ ወደ 3600 ዙር ከፍ ስናደርገው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከዘንጉ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ጨረቃ ብቅ አለች።

"አላልኩም!" አለ ልጁ።

"ልክ ነህ፤ የሚወጣው ከዚያ ነው። አሁን ወደ ፊት ና።"

ሞተሩን አጥፍተን የካንዴላውን ገመድ ነቀልን። በዚህ ቀልድ የለም፤ የሚዞር ዘንግ አጠገብ እጅ የሚገባው ገመዱ ከተነቀለ ብቻ ነው። ልጁ ረጅሙን ዘንግ ይዞ ወዘወዘው። ዝም ብሎ አየኝ። ዘንጉ ይወዛወዛል። ከፊቱ ያለው የላስቲክ ማገናኛ ቀዳዳዎቹ ተበልተው ሞላላ ሆነዋል። የባሰው ግን ከሱ ፊት ነው። የዚህ ትራክተር ሞተር ንዝረቱ እንዳይሰማ በላስቲክ ሱፖርቶ ላይ ነው የተቀመጠው። ላስቲኮቹ ከዕድሜም፣ ከሞተሩ ከሚወርደው ዘይትም የተነሳ እንደ ማስቲካ ልመዋል። ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ሰጥሟል። ዘንጉ ፓምፑ ውስጥ የሚገባው በጠማማ ነው፤ በዚያ ላይ በደቂቃ 3600 ጊዜ ይዞራል።

ፓራኦሊዮውን ስናወጣው ነገሩ ፍንትው አለ። ከንፈሩን፣ ማለትም ዘንጉን የሚነካውን ውስጠኛ ጠርዙን፣ በጣቴ ዞርኩት። በአንድ በኩል ገና ስል ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። በሌላው በኩል ተጨፍልቆ እንደ መስተዋት ያበራል። ጥራት የሌለው ፓራኦሊዮ ቢሆን ዙሪያውን እኩል ባለቀ ነበር። ይሄን አንድ ጎኑን የበላው ነገር አለ። ልጁ ያወጣውን እያዟዟረ ብዙ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ርካሽ ዕቃ አላነሳም።

ሌላም አገኘን። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው እንዳይፈስ ብሎ ዙሪያውን ሲሊኮን ለቅልቆበታል። ፊልትሮውን ስንቀደው የሲሊኮን ፍርፋሪ አለበት። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ያ ፍርፋሪ የፓምፑን መሳቢያ ቢዘጋው ዘይት ያጣ ፓምፕ ይቃጠላል። የትንሽ ብር ፍሳሽ ለማቆም ሲባል የብዙ ሺ ብር ዕቃ ይገደላል። መፍሰስ የሚያቆም ኬሚካል የሚጨምሩትንም አልወድላቸውም። ኬሚካሉ ያረጀ ላስቲክ ያብጥ እንደሆነ እንጂ የተጣመመ ዘንግ አያቀና።

ሽማግሌው ጋ ደወልኩ። "ከኋላ የሚያፈሰው ከፊት በተበላሸ ነገር ነው" ስላቸው ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሞተሩ ካለፈው ዓመት ወዲህ መሪውን አልፎ እጃቸውን እንደሚያንቀጠቅጠው ነገሩኝ። ካምቢዮ ይጠገን ብለው ለመጡበት ቤት ይሄን የሚነግሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ጠያቂም አላገኙም። ወዲህ ወዲያ አላሉም፣ ሥሩ አሉ።

ሱፖርቶዎቹንና ማገናኛውን በአዲስ ተካን። ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ዘንጉ ቀጥ አለ። ዘንጉ የሚዞርበት የፓምፑ ኩሽኔታ ደህና ነበር፤ እዚህ ላይ እድለኛ ናቸው። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ መስመር ተቆፍሯል። በዚያ ላይ አዲስ ቢቀመጥ ያፈሳል። ስለዚህ ስስ የብረት እጅጌ አለበስነው። ልጁ ዘንጉን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከንፈሩን ዘይት ቀብቶ፣ ልኩ በሆነ ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየመታ አስገባው። ፕላስቲኩ ባይኖር ዘንጉ ላይ ያለው ቀዳዳ ጠርዝ አዲሱን ከንፈር እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

ዘይቱን የሞላነው መመሪያው በሚለው ነው። አንዳንዱ ካምቢዮ የሞተር ዘይት 10ደብሊው-30 ይወስዳል፣ አንዳንዱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ አንዳንዱ ለራሱ ለትራክተር የተሠራውን። "ዘይት ዘይት ነው" የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ማንሻውን ቀስ እያልን ወደፊትና ወደኋላ አመላለስነው። ያጉረመርም የነበረው ፓምፕ አየሩ ሲወጣ ጸጥ አለ። የጎደለውን ጨመርንለት።

ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍተን ብዙ አሠራነው፣ መብራቱንም አበራን። ደረቅ ነው። ልጁ ሳልነግረው አንድ ጊዜ ከኋላ፣ አንድ ጊዜ ከፊት እየተመላለሰ ያየው ነበር።

ሽማግሌው ሊወስዱ ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳቸው። አዲስ ላስቲክ ሥራ ሲጀምር ትንሽ ይቀመጣል፣ ቡሎኑም ይላላል። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ትራክተሩን ይዘው ይመለሱና በነፃ እናጠብቅልዎታለን። የዘይቱንም ልክ ሣር ከማጨድዎ በፊት፣ ትራክተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይዩ።